በፍየሎቼ አምላክ!

ፍየል በልታችሁ ታውቃላችሁ። ፍየል አንብባችሁ ግን ታውቃላችሁ? የእኔ ልጅ አንብቧል። ቀንድና ሰኮናው ሲቀር አንድ ሙሉ መንጋ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ነው የሕግ ሰው የሆነው።

ገና ከአሁኑ "ሴትየዋ ምን ትቀባጥራለች?" እንዳትሉኝ ከሥሩ ልጀምር። ፊደል የቆጠርሁት ልጄ ሲማር ከጓሮ ሆኜ ጎመን እየቀነጠስሁ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስል፣ ነገሬም ከመንገድ ወጣ ወጣ ቢል አትፍረዱብኝ። የፍርድን ነገር እኔ አንዴ ቀምሼው ጠግቤዋለሁ።

ልጄ አድማሱ ይባላል። አባቱ የሞተው እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ከፍ ሲል ዳዊት ደገመ፣ ቅኔ ቆጠረ፣ ከዚያ ደብረ ወርቅ ሄዶ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ የነገሥታቱን ሕግ ተማረ። ትምህርቱን ሲጨርስ የኔታ፣ "በል እንግዲህ መጽሐፉን አጽፍ፤ መጽሐፍ የሌለው የሕግ ሰው ጦር የሌለው ወታደር ነው" አሉት። መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ነው። ብራና የሚወጣው ከፍየል ቆዳ ነው። ፍየል ያለው ደግሞ አያ ጫኔ ዘንድ ነው።

አያ ጫኔን የማታውቁ ካላችሁ ተመስገን በሉ። ከእኛ ደጋ ቁልቁል ወርዶ፣ የዓባይ በረሃ ወለል ብሎ ከሚታይበት አፋፍ ላይ የሚኖር ወንደላጤ ነው። ሚስት ያላገባው ለፍየሎቹ የምትስማማ ሴት አጥቶ ነው ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ተናግሮ ይሄዳል። አያ ጫኔ ይናገራል እንጂ አይሄድም። ወሬው ሁሉ ፍየል ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ "እግዜር ያጥናችሁ" ካለ በኋላ ሟቹን ከሞተችበት እናት ፍየል ጋር ያነጻጽራል፤ ብዙ ጊዜም ፍየሏ ትበልጣለች።

ይህ ሰው ነው ለልጄ መጽሐፍ ፍየሎቹን የሰጠን። ውሉ አጭር ነበር። "አድማሱ ዳኛ ሲሆን ፍየሎቼን በፍየል ይመልስልኛል" አለ። እኔም "ይሁን" አልሁ። ልጅ ሕግ ተምሮ ዳኛ መሆኑን ማን ይጠራጠራል? ዳኛ ሥራ አጥቶ ያየ ሰው አለ? ጠብ የማይነሳበት አገር እስካልተገኘ ድረስ የዳኛ እንጀራ አይነጥፍም ብዬ ልቤን ሞልቼ ነበር።

በምርቃቱ ዕለት አያ ጫኔ ከታች መጣና መጽሐፉን እንዲከፍቱለት ጠየቀ። ማንበብ አይችልም፤ ገጹን በመዳፉ ይዳብሳል። "ይቺ ዝንጉርጉሯ ናት" አለ። ገለጠ። "ይቺ ደግሞ የግራር ቀንበጥ የምትወደው።" አንድ ገጽ ላይ ብራናው ክብ ቀዳዳ አለበት፤ ጸሐፊው ቀዳዳውን እየዞረ ነው የጻፈው። አያ ጫኔ ጣቱን በቀዳዳው ከተተና ዕንባው ዱብ ዱብ አለ።

"ጅብ የነከሰው ወጠጤዬ!"

"አያ ጫኔ፣ እሱ እኮ ስለ ውርስ የሚናገረው አንቀጽ ነው" አለው ልጄ በትሕትና።

"ለአንተ ውርስ ነው፤ ለእኔ ወጠጤ ነው።"

የምርቃቱ ጠላ ሳይወጣልን ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገባ።

አሁን የሥራ ፍለጋውን ነገር ላጫውታችሁ። "ሲመረቅ ጸሐፊዬ አደርገዋለሁ" ያሉት የወረዳችን ዳኛ ጠመንጃቸውን አንስተው ጫካ ገቡ። ልጄ አዲስ እጀ ጠባቡን ለብሶ ችሎቱ ዘንድ ሲደርስ ያገኘው ዳኛው ይቀመጡባት የነበረችውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻ ነው። እሷም ላይ ዶሮ ተኝታባታለች። "ሥራው ተይዟል" ብሎኝ ተመለሰ።

ከዚያ ጫካ ያሉትን አርበኞች ሄዶ ጠየቀ። እኔ ሳልሰማ ነው የሄደ፤ ብሰማማ መንገድ ላይ ተዘርግቼ "በእኔ ላይ ተራመድ" እለው ነበር። አለቃቸው፣ "መተኮስ ታውቃለህ?" አሉት። "አላውቅም።" "ታዲያ ምን ታውቃለህ?" "ሰው የገደለ ሰው ምን እንደሚፈረድበት አውቃለሁ።" ሰዎቹ እርስ በእርስ ተያዩ አለ። "ወንድሜ፣ ይህን እውቀትህን በደንብ ጠብቀውና ጦርነቱ ሲያልቅ ይዘኸው ና" ብለው በሶ አስይዘው ሸኙት።

ሥራ ያጣ ዳኛ ደግሞ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ይሰየማል እንጂ። የጎረቤት አህያ አጥር ጥሳ ጎመኔን ጠርጋ ብትበላ፣ አጥሩ የበሰበሰው በእኔ ቸልታ ነው ብሎ ለአህያዋ ፈረደ። በእሾሁ ስለተጫረችም ካሳ አስከፈለኝ። ጎመኔን ለበላችው አህያ ገብስ ይዤ ሄድሁ። ልጅ ሕግ ያስተማሩ ለካ ቅጣት አያጡም።

እኔ፣ ነገሩን ልደብቃችሁ ብል ቀለሜ ይናገራል፣ ፈሪ ነኝ። ነጎድጓድ እፈራለሁ። የቆመ ፈረስ እፈራለሁ። አውሮፕላን ሲመጣ ሌላው ሰው ወደ ገደል ይሮጣል፤ እኔ እንቅቤን ደፍቼ ከሥሩ እገባለሁ። "እምዬ፣ እንቅብ ቦምብ ያስጥላል?" ሲለኝ ልጄ፣ "ባያስጥልም አያሳየኝም" እለዋለሁ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን በከተማው ጉብታ ላይ ያለውን የጣልያን ምሽግ ነበር። በዚያን ወራት ጣልያን ፊደል የቆጠረ ሰው ይፈልጋል ይባል ነበር። አንዱ "ለሥራ ነው" ይላል፤ ሌላው "ለሥራስ አይደለም" ይልና ዝም ይላል። ለሥራ የተባሉት ሲገቡ አየን። ሲወጡ ያየ ሰው ግን ጠይቄ ጠይቄ አላገኘሁም። ምናልባት ሥራው ብዙ ይሆናል እያልሁ ራሴን ባጽናናም ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንድ ማለዳ አያ ጫኔ ከታች ወጣ። እረኞቹ ሁለቱም ጫካ ገብተውበታል፤ ፍየሎቹን ለእህቱ ልጅ አደራ ብሎ ነው የመጣ።

"አድማሱ፣ ፍየሎቼን" አለ።

"አያ ጫኔ፣ እርስዎም ያዩታል፤ ሥራ የለም። ከየት አምጥቼ?"

"ከምሽጉ። ያ ነጩ ሹም የአገሩን ሕግ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል አሉ። ደመወዝ ይሰጣል አሉ። ግባና ክፈለኝ።"

እኔ የያዝሁት ቅል ከእጄ ወደቀ።

"ለጠላት ሕግ አልሸጥም" አለ ልጄ።

"እንግዲያ ዳኛ ፊት እንሂድ" አለና አያ ጫኔ የጋቢውን ጫፍ ከልጄ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠረ። ይህን ልማድ የምታውቁት ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ልብሳቸው ይቋጠርና ቁራኛ ይሆናሉ። ዳኛ እስኪፈርድ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዳኛ ሳይፈታው የፈታ፣ የተረታ ይባላል።

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ይቆጣል፤ ወይ ጋቢውን ጥሎ ይሮጣል። የእኔ ሊቅ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቋጠሮውን አየት አደረገና፣ "አያ ጫኔ፣ እንዲህ አይደለም፤ ይህ ይፈታል። የቀኝ ጫፍ ከቀኝ ጫፍ ነው" ብሎ ፈታና ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ አጥብቆ ደግሞ ቋጠረው! ፊቱ በርቷል። ከተመረቀ ወዲህ የመጀመሪያው ክርክሩ ነበርና ደስ ብሎታል። እንኳንስ ሊረታ ቀርቶ ቢሰቀልም ሥርዓቱ ከተጠበቀለት ቅር አይለውም።

ቤቴ ዳኛ የሌለው እስር ቤት ሆነ። አንዱ ለሽንት ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይቆማል። አንዱ ሲያስነጥስ የሌላው ትከሻ ይነቀነቃል። ልጄ መጽሐፉን ሲያነብ አያ ጫኔ ከአጠገቡ "ይቺ ማን ናት?" ይለዋል። "ስለ ዋስ የሚለው ነው።" "እሱንማ ተወው፤ ቀለሟ ዳማ ነበር?" ሲነጋ የልጄ ዓይን ቀልቶ አገኘዋለሁ። አያ ጫኔ በእንቅልፉ ፍየሎቹን በየስማቸው ይጠራል፤ አንዷ ሳትመጣ ከቀረች ደግሞ ተነስቶ ሊፈልጋት ይሞክራል፤ ልጄም አብሮ ይጎተታል።

በመጨረሻ መንገድ ዳር ወጥተው አላፊ አግዳሚ ሊያቆሙ ተስማሙ። በእኛ አገር ዳኛ ሲጠፋ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዳኛ ነው፤ በአምላክ ስም ካቆማችሁት ተቀምጦ ሳይፈርድ አይሄድም። ችግሩ በማን አምላክ እንደሚቆም ነበር። ዱሮ "በንጉሥ አምላክ!" ነበር የሚባለው። አሁን እንዲህ ያለ ሰው ባንዳ ቢሰማው ይታሰራል። በጣልያን ንጉሥ ስም ያለ እንደሆነ ደግሞ አርበኛ ቢሰማው፣ ከዚያ በኋላ የሚቋጠር ጋቢ አያስፈልገውም። ልጄ ስለዚህ ነገር ሕጉ ምን እንደሚል ሲያገላብጥ አያ ጫኔ ትዕግሥቱ አለቀና አንድ በበቅሎ የሚያልፉ ቄስ ፊት ዘሎ ወጣ፤

"በፍየሎቼ አምላክ ይቁሙ!"

ቄሱ እንዲህ ያለ አምላክ ሰምተው አያውቁም፤ በቅሎዋ ግን ቆመች። ነገሩን አዳመጡና፣ "ልጆቼ፣ እኔ የነፍስ ነኝ፤ ይህ የፍየል ነው" ብለው በቅሎዋን ኮለኮሏት። ቀጥሎ የጨው ነጋዴ መጣ። "በፍየሎቼ አምላክ ቁም!" ሲባል፣ "እኔ ደንቆሮ ነኝ፤ የምትሉት አይሰማኝም" ብሎ መለሰና አለፈ። በዚያ ዘመን መፍረድ የሚደፍር አልነበረም። ዛሬ የፈረድህበት ነገ ምን ለብሶ እንደሚመጣ አይታወቅም።

"ይኸው ነው፤ ከተማ እንወርዳለን" አለ አያ ጫኔ። "ነጩ ይፍረደን። እግረ መንገድህንም ሥራውን ትይዛለህ።"

"ክርክሩን ባልቀበልም ከሳሼን መከተል ግዴታዬ ነው" አለ የእኔ ሊቅ። እንግዲህ ሕግ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰውን ወደማይፈልገው ቦታ በራሱ እግር ይወስዳል።

እኔም በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ ከኋላ ተከተልሁ። ቤት ብቀመጥ ልቤ ይቆም ነበር።

ጨሞጋ ወንዝ ስንደርስ ኬላ አለ። ጠባቂው የእኛው አገር ልጅ ባንዳ ነው፤ ለቁመቱ የረዘመ የጣልያን ካፖርት ደርቦ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። አሻግሮ ድንኳን ተተክሏል። ሁለት የተቋጠሩ ሰዎች ሲያይ ጠመንጃውን አስተካከለ።

"ከሁለታችሁ እስረኛው ማነው?"

"እሱ ነው" አለ አያ ጫኔ።

"ሁለታችንም ነን" አለ ልጄ። "በሥርዓቱ ከሳሽም ተከሳሽም እኩል ናቸው።"

"ጠባቂያችሁስ?"

ሁለቱም ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ኧረ እኔ ስንቅ ነኝ!" አልሁ። "ስንቅ ተሸካሚ ማለቴ ነው፣ ጌታው።"

ባንዳው ሊስቅ ሲል አያ ጫኔ አፉን ከፈተ። "ወንድሜ፣ ይህ ልጅ እኮ ሕግ የተማረ ነው! ፍየሎቼን ቆዳ ለቆዳ አንብቦ የጨረሰ ነው! ጌታህ ዘንድ አግባልኝ፤ ሥራ ይስጠውና ደመወዙን ለእኔ ይስጠኝ።"

እግሬ ከእኔ ጋር መሆኑን ጎንበስ ብዬ አየሁ።

"ሕግ የተማረ?" አለ ባንዳው፣ ልጄን ከላይ እስከ ታች እያየ። "ካፒቴኑ እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ወደ ምሽጉ አምጡልኝ ካለ ሰንብቷል። አሁን ድንኳኑ ውስጥ ምሳ ላይ ነው። ሲጨርስ ያያችኋል፤ እዚያ ጋ ቁጭ በሉ።"

ያ እንደ ክር የረዘመ ምግባቸውን እግዜር ይባርከው። ካፒቴኑ በሹካ እየጠቀለለ ሲበላ በድንኳኑ በር ይታየኛል፤ አይቸኩልም። አያ ጫኔ በበኩሉ ባንዳውን ያዘው። ስለ ዳማዋ ነገረው። ስለ መንታ ወላጇ ነገረው። ባንዳው ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነስቶ ሌላ ድንጋይ ላይ ሄደ፤ አያ ጫኔ ልጄን እየጎተተ ተከተለው። ባንዳው ዛፍ ሥር ሄደ፤ ተከተለው። መሣሪያ የያዘ ሰው እንዲያ ሲሸሽ አይቼ አላውቅም።

በዚያ መሐል አሰብሁ። ፍርሃት ሰውን ያደነዝዛል ይላሉ፤ እኔን ግን አንዳንዴ ያሾለኛል። አያ ጫኔ ትንፋሽ ለመውሰድ ሲያርፍ ወደ ጆሮው ጠጋ አልሁና፣

"አያ ጫኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ምሽግ ስንት ፍየል ሲያስገባ አይተሃል?"

"ኧረ መንጋ ሙሉ! ከየመንደሩ ነድተው ነው የሚያስገቡት።"

"ሲወጣስ?"

ዝም አለ። አያ ጫኔ ዝም ሲል ያን ቀን መጀመሪያ አየሁት።

"የገባ ፍየል ካልወጣ፣ የገባ ባለዕዳ ይወጣልሃል? ደመወዝ የሚሰጡህስ በምን እጃቸው ነው? ዕዳህን አብሮ ቢበላውስ?"

ፊቱ እንደ ጭድ ነጣ። "የእመቤቴ ያለህ! እና ምን ይሻላል?"

"ዳኛ ይፈለግና እዚሁ ይፈረድ። ሰውየው ምሳውን ሳይጨርስ።"

መንገዱን ግራና ቀኝ አዩት። ኬላ ባለበት መንገድ ማን ያልፋል? ዝንብ እንኳ ዞራ ነው የምትሄደው።

"አንቺ አለሽ አይደል?" አለ አያ ጫኔ።

"እናት ለልጇ አትሰየምም" አለ ልጄ ወዲያው። በሞቱ አፋፍ ላይ ቆሞ!

"አንተ ምን አገባህ? ታዳላለች ብዬ የምፈራው እኔ ከሳሹ ነኝ። እኔ ፈቅጃለሁ!"

ልጄ ግንባሩን አሻሸ። "እርግጥ... ወገን ናት ብሎ የሚቃወመው ሌላው ወገን ነው። እሱ ከፈቀደ... አዎን፣ ይቻላል። ግን የመንገድ ዳኛ የሚያልፍ ሰው ነው። እምዬ ደግሞ ቆማለች።"

"ላልፋ!" አልሁ።

ስንቄን በራሴ ላይ ተሸከምሁና መንገዱ እስከሚታጠፍበት ሄድሁ። እዚያ ደርሼ ዞርሁና እንደማያውቃቸው ሰው፣ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው፣ ወደፊት እያየሁ መጣሁ። እውነት ለመናገር በዚያች ቅጽበት ዝም ብዬ ማለፍ አማረኝ።

"በፍየሎቼ አምላክ! አላፊ፣ ቁሚ!"

ቆምሁ። "ምነው፣ ደኅና?" አልሁ።

"ፍረጂን!"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ዓይኔ አንዱ እነሱ ላይ፣ አንዱ ካፒቴኑ ሹካ ላይ ነው። አያ ጫኔ ክሱን አሰማ፤ ከፍየሎቹ የዘር ሐረግ ሊጀምር ሲል "አሳጥር!" አልሁት። ዳኛ መሆን ደስ የሚል ነገር አለው። ከዚያ ልጄ ተነሳ። ጋቢውን ቋጠሮው በሚፈቅድለት ልክ አደግድጎ፣ ዘንጉን ተክሎ፣ እንዲህ አለኝ፤

"የተከበርሽ ዳኛ ሆይ! ውላችን 'ዳኛ ሲሆን ይከፍላል' ነው። እኔ ዳኛ አልሆንሁም። ስለዚህ የመክፈያው ጊዜ አልደረሰም። ጊዜው ባልደረሰ ዕዳ ሰው አይያዝም፣ አይቆራኝም፤ ነጻ ልለቀቅ ይገባኛል።"

እንዲያ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ዕንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ቁራሽ ልመና፣ ያ ሁሉ ፍየል ለዚህ ነበር። ደግሞም ልክ ነው! ሕግ ባልማርም ልክ መሆኑ ገባኝ። ልክ በመሆኑ ነው የደነገጥሁት። ልጄ ከረታ፣ አያ ጫኔ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ባዶ እጁን የቀረ ባለገንዘብ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ምሽጉን ማየቱ አይቀርም። ልጄም ነጻ ሰው ሆኖ፣ ሕግ አዋቂ ሆኖ፣ በኬላው ፊት ብቻውን ይቆማል።

ካፒቴኑ አፉን በጨርቅ ጠረገ።

"ፈርጃለሁ!" አልሁ፣ ድምፄ እንደ ግልገል ቀጥኖ። "አድማሱ ተረትቷል! አገሩ ዳኛ ያጣ አገር ነው። የፍየል ዕዳ በፍየል ጉልበት ይከፈል። ከዛሬ ጀምረህ ውረድና የአያ ጫኔን ፍየሎች ጠብቅ። ከሚወለደው እኩሌታው ለዕዳህ ይያዝልህ። አበቃ።"

አያ ጫኔ መሬት ሳመ። እረኛ አገኘ።

"ይግባኝ!" አለ ልጄ።

"ለማን?"

ወደ ምሽጉ አየ። ወደ ጫካው አየ። ወደ ሰማይ አየ። ሁሉም ዘንድ ለጊዜው ችሎት የሚቀመጥ አልነበረም።

ቋጠሮውን ልፈታ ጎንበስ አልሁ። ሊቁ አጥብቆ ነው የቋጠረ። በጥርሴ ይዤ ስጎትት የካፖርቱ ጫፍ ከአፍንጫዬ ሥር ደረሰ።

"የሕግ ሰውየው ይቅረብ" አለ ባንዳው።

ቋጠሮው ተፈታ። ቀና አልሁ። "የምን የሕግ ሰው ጌታው? ይህ የፍየል እረኛ ነው።"

"ቅድም ሕግ የተማረ ነው አላላችሁም?"

"ቅድም ነበር። አሁን ተፈረደበት፤ እረኛ ሆነ።"

"ማን ፈረደበት?"

"እኔ።"

"አንቺ ማነሽ?"

"እናቱ።"

ባንዳው ልጄን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ሳቁ ፈነዳና በካፖርቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። "በገዛ እናቱ ችሎት የተረታ የሕግ ሰው ለካፒቴኑ ምን ይሠራለታል? ጌታዬን ነው የሚያስቆጣብኝ!" አያ ጫኔ በዚህ መሐል "የዳማዋን ነገር ሳልጨርስልህ..." ብሎ ሲጀምር ባንዳው ሁለት እጁን አነሳ። "ሂዱ! ይህን ሰውዬ ይዛችሁልኝ ሂዱ!"

እንዴት እንደተመለስን አላውቅም። ዳገቱን ስወጣ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም።

ልጄ እረኛ ሆነ። ፍየል ባለበት መንገደኛ አይጠፋም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የድንበር ጠበኛው፣ የውርስ ተካፋዩ፣ በሚስጥር ደግሞ ከጫካ የሚመጣው ሁሉ ከአፋፉ ሾላ ሥር ይሰበሰብ ጀመር። መጽሐፉ በማኅደሩ ከትከሻው አይወርድም፤ ለአላፊ የእረኛ ስልቻ ይመስላል። ሙግት መሐል ፍየል ማሳ ውስጥ ስትገባ ችሎቱ ይነሳና ሁሉም፣ ከሳሹም ተከሳሹም፣ ፍየል ይመልሳል። "ሥራ አገኘሁ" አለኝ። "ደመወዙስ?" "አንዳንዱ ማር፣ አንዳንዱ ምርቃት።"

እኔ ግን ኬላው ከዓይኔ አልጠፋም። አንድ ቀን ስንቅ ይዤለት ወርጄ ሳለሁ የፈራሁት መጣ። ወታደሮች ከላይ በመንደሩ ሲያልፉ፣ ያ ባንዳ ካፖርቱን እየጎተተ ብቻውን ወደ እኛ ወረደ። እኔ ከጎጆው ነበርሁ። እንቅቡን ደፍቼ ገባሁ፤ በስንጥቁ ግን አያለሁ።

"ፊደል የሚያውቁ ሰዎች ዝርዝር ተጠይቋል" አለ። "ያ የእናቱ ተረቺ እዚህ ነው? ይነሳና ይምጣ።"

ልጄ ተነሳ። ልቤ እንቅቡን ሲመታው ይሰማኛል። ያን ጊዜ አያ ጫኔ ከፍየሎቹ መሐል ብቅ አለ። አልቸኮለም። መጥቶ የካፖርቱን ጫፍ አነሳ፤ የገዛ ጋቢውን ጫፍም አነሳ።

"ባለዕዳዬን ልትወስደው ነው?"

"ትዕዛዝ ነው።"

"ውሰደው። ባለዕዳ የወሰደ ዕዳውን ወሰደ። እንግዲህ የእኔ ባለዕዳ አንተ ነህ።" የቀኝ ጫፍን ከቀኝ ጫፍ አደረገ፤ አሳምሮ ተምሯል። "ዳኛ እስኪገኝ አብረን እንበላለን፣ አብረን እናድራለን። ስለዚያች ዳማ እንኳ ሳልጨርስልህ ነው የተለያየነው። በፍየሎቼ አምላክ ቁም!"

ያ ሰው ጥይት የማይፈራ ይባል ነበር። ፊቱ ግን ሲለዋወጥ በስንጥቁ አየሁት። ጎተተ፤ አልለቅም አለው። ቋጠሮው ሊጠብቅ ሲል ባንዳው ትከሻውን ሰበቀና ከካፖርቱ ውስጥ ሾልኮ ወጣ፤ ዳገቱንም በሸሚዝ ሮጠው። ከላይ ላሉት "እዚያ ያለው የፍየል እረኛና አንድ ዕብድ ብቻ ነው" እንዳላቸው በኋላ ሰማን። ተመልሶ አልመጣም። ካፖርቱን አያ ጫኔ በብርድ ለሚወለዱ ግልገሎች አደረገው።

ከዚያ ወዲህ ሌላዋ እናት ልጇ ከዕዳ እንዲወጣ ስትሳል፣ እኔ የልጄ ዕዳ እንዳያልቅ እሳል ነበር። ስለቴም ሠመረ፤ አያ ጫኔ አንዷን ግልገል ቀንዷ ተጣመመ፣ አንዷን ድምጿ አላማረኝም እያለ ከዕዳው ሳይቀንስ ጣልያን ወጣ።

ዳኛው ከጫካ ተመለሱና ልጄን አስጠርተው ድንጋያቸውን ለቀቁለት። አሁን የእውነት ዳኛ ሊሆን ነው። በተሰየመበት ዕለት ዶሮዋን ከድንጋዩ ላይ አንስቶ ሲቀመጥ እልል አልሁ። እልልታዬን ሳልጨርስ አያ ጫኔ ሰዉን ገፋ ገፋ እያደረገ ፊት ወጣ። የጋቢውን የቀኝ ጫፍ ይዟል።

"ዳኛ ሆንህ አይደል?" አለው። "ውሉ ዛሬ ደረሰ።"

ሰዉ ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ በርቷል። ከድንጋዩ ላይ ወረደ፤ የራሱን ጋቢ የቀኝ ጫፍ አወጣና ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ አጥብቆ ቋጠረው። "ዳኛ በራሱ ነገር አይሰየምም" አለ። "አላፊ አግዳሚ ይፈለግ።" ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ መንገዱ እስከሚታጠፍበት ድረስ ሄድሁ።